የማረፊያ መብራት ሲበራ የነዳጅ አመልካቹ ለምን ይጨምራል? በአዳማ በግል በተሠራች አነስተኛ አውሮፕላን ላይ የገጠመን ችግር

ክንፍ_በአዳማ

ጤና ይስጥልኝ። በአዳማ የምንኖር ጥቂት ጓደኛሞች ባለ ሁለት መቀመጫ አነስተኛ አውሮፕላን በራሳችን ወርክሾፕ ስንሠራ ቆይተን አሁን ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ደርሰናል። አውሮፕላኗ ገና አልበረረችም፤ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን መርምሮ ሳይፈቅድም አትበርም። ያለንበት ደረጃ ጎማዎቿን አግደን፣ ጅራቷን መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር አስረን ሞተሩን የምንሞክርበት ነው። በሙከራው ወቅት የነዳጅ መጠን አመልካቹ ያሳየን ነገር በጣም ስላሳሰበን ሁኔታውን በዝርዝር አቀርባለሁ።

ሞተሩ ሮታክስ 912 ነው። በሁለቱ የፋይበር ግላስ ክንፎች ውስጥ እያንዳንዳቸው 40 ሊትር ገደማ የሚይዙ የፋይበር ግላስ ታንኮች አሉ። የታንኩ ርዝመት 1.2 ሜትር፣ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 11 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ሴንሰሩ የተገጠመው ክንፉ ከአውሮፕላኗ አካል ጋር በሚጋጠምበት በሥሩ በኩል ነው። ሴንሰሮቹ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የተገዙ፣ ክንድና ተንሳፋፊ ያላቸው፣ ታንኩ ባዶ ሲሆን 10 ኦም፣ ሙሉ ሲሆን 180 ኦም ሬዚስታንስ (ለጅረት የሚያሳዩት መቋቋም) የሚሰጡ ናቸው። ንባቡን የሚቀበለው ዲጂታል የሞተር መቆጣጠሪያ ስክሪን ነው፤ በመመሪያው መሠረት በ470 ኦም ሬዚስተር በኩል 5 ቮልት ወደ ሴንሰሩ ይልክና በሴንሰሩ ላይ የሚገኘውን ቮልቴጅ ይለካል።

ችግሮቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ ሁለቱም ታንኮች ሲሞሉ ስክሪኑ «ሙሉ» ብሎ ይቆምና ከ10 ሊትር በላይ እስኪቀነስ ድረስ አይነቃነቅም። ሁለተኛው፣ በቀኝ ታንክ ውስጥ 15 ሊትር መኖሩን በመለኪያ ዘንግ አረጋግጠን ስክሪኑም 15 እያሳየ ሳለ፣ በቀኝ ክንፍ ላይ ያለውን የማረፊያ መብራት ስናበራ ንባቡ ወደ 23 ሊትር ይወጣል፤ መብራቱን ስናጠፋ ወደ 15 ይመለሳል። ሦስተኛው፣ ሞተሩ በኃይል ሲንቀጠቀጥ የቀኙ ንባብ አልፎ አልፎ ለቅጽበት «ሙሉ» ብሎ ይመለሳል። ከየት መጀመር እንዳለብን የምታውቁ ብትመሩን ትልቅ ውለታ ነው።

የሽቦ_ሰው (አዳማ)

ወንድሜ፣ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ረጅም ዘመን የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ስለ አውሮፕላን አላውቅም፤ የተንሳፋፊ ሴንሰር ጠባይ ግን በሁሉም ቦታ አንድ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ ግራውንዱ፣ ማለትም ጅረቱ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ስለሚመለስበት መንገድ ነው። በመኪና ላይ የሴንሰሩ ክዳን በብረት ታንክ ላይ ስለሚታሰር ግራውንዱን ከታንኩና ከሻንሲው ሊያገኝ ይችላል። የእናንተ ታንክ ፋይበር ግላስ ከሆነ ክዳኑ ምንም ዓይነት የኤሌክትሪክ መመለሻ የለውም ማለት ነው፤ ስለዚህ የግድ የራሱ ሽቦ ያስፈልገዋል። ያ ሽቦ ወዴት ነው የሚሄደው? ከምንስ ጋር አብሮ ታስሯል?

መብራት ሲበራ የሚቀየር ንባብ ካያችሁ ሴንሰሩን ከታንኩ ለማውጣት አትቸኩሉ። ተንሳፋፊው መብራቱ እንደበራ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚያውቀው ሽቦው ነው።

ክንፍ_በአዳማ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። የቀኙ ሴንሰር ግራውንድ ሽቦ በክንፉ ሥር አጠገብ ካለ አንድ ቡሎን ጋር ታስሯል፤ ቡሎኑ የአውሮፕላኗን የብረት ቱቦ አካል ይይዛል። የማረፊያ መብራቱ መመለሻ ሽቦም እዚያው ቡሎን ላይ ነው። መብራቱ ባለ 55 ዋት ሃሎጂን ነው። የግራው ክንፍ መብራት ስለሌለው ሴንሰሩ ብቻውን ታስሯል። ከሴንሰሩ ክዳን እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ድረስ በመልቲሜትር ስንለካ 0.3 ኦም አገኘን፤ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች ብቻ ስናነካካቸውም ያው 0.3 ኦም ነው።

ተማሪ_መካኒካል (አዳማ)

እንደዚያ ከሆነ ግራውንዱ ደህና ነው ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም ከመለኪያው ከራሱ ሽቦዎች የተለየ ምንም ሬዚስታንስ አልታየም። የሙቀት ጉዳይስ ሊሆን ይችላል? የአዳማ ቀትር ሞቃት ስለሆነ ቤንዚኑ ሊስፋፋ ይችላል። ወይም ሴንሰሮቹን ትቶ ምንም የሚንቀሳቀስ አካል ወደሌለው የካፓሲታንስ ሴንሰር መለወጥ ችግሩን ከሥሩ ይፈታው ይሆን?

ጡረተኛ_ቴክኒሺያን (ቢሾፍቱ)

ልጆቼ፣ በአውሮፕላን ጥገና ላይ ያገለገልኩ ሰው ነኝ፤ ጥያቄውን በጥንቃቄ ማቅረባችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ተማሪው ባነሣቸው ነጥቦች ልጀምር።

ቤንዚን በሙቀት ይስፋፋል፤ ለአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው። ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር 15 ሊትር ቤንዚን የሚጨምረው 0.3 ሊትር ብቻ ነው። መብራት በማብራት ብቻ የሚመጣን የ8 ሊትር ልዩነት ሙቀት አይገልጸውም።

ግራውንዱ ደህና ነው የሚለው መደምደሚያ ግን እዚህ ሥራ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። መልቲሜትር በኦም ሲለካ የሚልከው ጅረት እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ የራሱ ሽቦዎችም 0.3 ኦም ስላላቸው፣ ከ0.1 ኦም በታች የሆነን መጥፎ መገጣጠሚያ ለይቶ ሊያሳያችሁ አይችልም። ባለ 55 ዋት መብራት በ12 ቮልት 4.6 አምፔር ይስባል። ያ ጅረት በቡሎኑ ላይ 0.06 ኦም ብቻ ቢያገኝ 0.28 ቮልት ገደማ ይፈጠራል። ይህ ለመብራቱ ምንም አይደለም፤ ብርሃኑም ሲደክም በዓይን አይታይም። የሴንሰሩ ግራውንድ ግን በዚያው ቡሎን ላይ ስለሚያርፍ ሴንሰሩ ከእግሩ በታች ያለው መሬት በ0.28 ቮልት ከፍ ይልበታል፤ ስክሪኑም ከዜሮ ጀምሮ የሚለካ መስሎት የዚያን ቮልቴጅ አብዛኛውን ከነዳጁ ጋር ይደምረዋል።

በሰጣችሁን ቁጥር እናስላው። ክንፉ ወደ ጫፉ 3 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል ብዬ ልገምትና፣ በታንካችሁ ልክ 15 ሊትር ሲኖር ሴንሰሩ 123 ኦም ገደማ መስጠት አለበት። በ470 ኦምና በ5 ቮልት ይህ 1.04 ቮልት ይሆናል። ከ0.28 ቮልቱ በሴንሰሩና በ470 ኦሙ መካከል ተከፋፍሎ ስክሪኑ ጋ የሚደርሰው 0.22 ገደማ ነው፤ እሱ ሲጨመርበት 1.26 ቮልት ይሆናል፤ ስክሪኑ ይህን 158 ኦም ገደማ ብሎ ይተረጉመዋል። የ35 ኦም ልዩነት በታንኩ መካከለኛ ክፍል ላይ 8 ሊትር ገደማ ነው። ያያችሁት ቁጥር ከዚህ ጋር መግጠሙ በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም።

ስለዚህ በኦም መለካቱን ተዉትና መልቲሜትሩን በሚሊቮልት ላይ አድርጉ፤ ቀዩን ጫፍ በሴንሰሩ ክዳን፣ ጥቁሩን በስክሪኑ የግራውንድ መግቢያ ላይ አስደግፋችሁ መብራቱን አብሩ። ከ200 ሚሊቮልት በላይ ካነበባችሁ በሽታው ተገኝቷል። ከዚያ ጥቁሩን ጫፍ በየመገጣጠሚያው እያራመዳችሁ ቮልቱ የሚወድቅበትን ቦታ ፈልጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በአንዳንድ ጋራዦች የሴንሰርን ሽቦ በመሞከሪያ አምፖል ወይም ከባትሪ በቀጥታ በሚመጣ 12 ቮልት የመፈተሽ ልማድ አለ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የሴንሰሩ ተንሸራታች ጫፍ፣ ማለትም ከክንዱ ጋር እየተንሸራተተ ሬዚስታንሱን የሚለውጠው ንክኪ፣ በጥቂት ሚሊአምፔር እንዲሠራ የተበጀ ነው፤ ያን ያህል ጅረት ሲጫንበት ይቃጠላል፤ የሚቃጠለውም በቤንዚን ተን መካከል ነው።

የካፓሲታንስ ሴንሰር ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የሚለካው በሁለት ቱቦዎች መካከል ያለውን ፈሳሽ የኤሌክትሪክ ጠባይ ነው። ያ ጠባይ፣ ዳይኤሌክትሪክ የሚባለው፣ ለአየር 1፣ ለቤንዚን 2 ገደማ፣ ለኤታኖል 24 ገደማ፣ ለውኃ ደግሞ 80 ገደማ ነው። በአገራችን ቤንዚን ከፊንጫና ከመተሐራ በሚገኝ ኤታኖል ሲደባለቅ የቆየበት ዘመን መኖሩን ታስታውሳላችሁ። በንጹሕ ቤንዚን የተስተካከለ የካፓሲታንስ ሴንሰር ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ሲገባበት ካለው በላይ ያነባል፤ ከታች የተጠራቀመ ጥቂት ውኃም ንባቡን ፈጽሞ ያበላሸዋል። ምንጩ ሊለዋወጥ በሚችል ነዳጅ ለሚሠራ ሰው ተንሳፋፊ ይሻላል ባይ ነኝ።

የሽቦ_ሰው (አዳማ)

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ይህን የሚሊቮልት ዘዴ እኛም ሞተር አስነሺው ሲደክም እንጠቀምበታለን፤ ለነዳጅ ሴንሰር የሚያስብለት ግን ጥቂት ሰው ነው። ክንፍ_በአዳማ፣ ቡሎኑን ስትፈቱ ከሮንዴላው ሥር ቀለም እንዳለ አስተውሉ። የብረት ቱቦው ከመሰብሰቡ በፊት ከተቀባ ጅረቱ የሚያልፈው በቡሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ዛሬ ቢሠራ ነገ አይሠራም።

መብራቱን በኤልኢዲ ለውጡት የሚል ምክር ከመጣም አትቀበሉ። 1 አምፔር የሚስብ ኤልኢዲ ስሕተቱን ወደ 2 ሊትር ገደማ ያወርደዋል እንጂ አያጠፋውም። እንደኔ አስተያየት እንዲያውም ይባስ ያደርገዋል፤ 8 ሊትር ሲዘል ሁሉም ያየዋል፤ 2 ሊትር ሲዘል ግን ማንም ልብ አይለውም።

ሐዋሳ_ሐይቅ_ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሐዋሳ ላይ የጀልባ ሞተር የሚጠግን ቤተሰብ ውስጥ ያደግሁና አሁንም በሥራው ያለሁ ሴት ነኝ። በጀልባ ታንኮች ላይ የምናገኛቸው ሴንሰሮች ከእናንተ ጋር አንድ ዓይነት ናቸው፤ ክዳናቸው አምስት ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳዎቹ እኩል ያልተራራቁት ሴንሰሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ ስለሚያስገድዱ ነው።

ሦስተኛውን ችግር፣ ለቅጽበት «ሙሉ» የሚለውን፣ ሁላችሁም ያለፋችሁት መሰለኝ፤ እኔን ግን ከሁለተኛው ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው። 10 ኦም ባዶ፣ 180 ኦም ሙሉ በሆነ ሴንሰር ላይ ሬዚስታንስ ሲጨምር ስክሪኑ «ነዳጅ አለ» ይላል። ሽቦ ሲበጠስ፣ ማያያዣ ሲዝግ፣ ተንሸራታቹ ጫፍ ሽቦውን ሲለቅ፣ እነዚህ ሁሉ ሬዚስታንስን ይጨምራሉ። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ሴንሰር በዚህ መንገድ ሲታመም የሚናገረው ውሸት ወደ ሙሉ ያደላ ነው። በሐይቅ ላይ ነዳጅ ያለቀበት ሰው ቀዘፋ ያወጣል ወይም ሌላ ጀልባ ይጠራል። እናንተ ግን ያ ዕድል የላችሁም።

በሌላ በኩል ባዶ ሲሆን 240 ኦም፣ ሙሉ ሲሆን 33 ኦም የሚሰጥ ሴንሰር አለ፤ በአሜሪካ ሥሪት ጀልባዎች ላይ የተለመደ ነው። በእሱ ላይ ሽቦ ቢበጠስ ወይም ቢዝግ ንባቡ ወደ ባዶ ይወርዳል። ስክሪናችሁ የፈለጋችሁትን የኦም ሰንጠረዥ የሚቀበል ከሆነ ሁለቱንም ብትቀይሩ እመክራለሁ።

የሽቦ_ሰው (አዳማ)

እህቴ፣ ሐሳብሽ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን ልቃወም። በ240-33 ሴንሰር ላይ የምልክት ሽቦው ቆዳው ተልጦ ብረት ቢነካ ሬዚስታንሱ ዜሮ ስለሚሆን ስክሪኑ «ሙሉ» ይላል። በመኪና ላይ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ የትኛውም ሴንሰር ቢሆን ወደ ሙሉ የሚዋሽበት አንድ መንገድ አለው።

ጡረተኛ_ቴክኒሺያን (ቢሾፍቱ)

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የሚወስነው ግን የትኛው ብልሽት በዚህ ክንፍ ውስጥ የመከሰት ዕድሉ ሰፊ ነው የሚለው ነው። መኪና ሙሉ በሙሉ ብረት ስለሆነ የተላጠ ሽቦ ግራውንድ ለመንካት ብዙ አጋጣሚ አለው። የእነዚህ ልጆች ክንፍ ፋይበር ግላስ ነው፤ የተላጠ ሽቦ ቢኖርም የሚነካው ብረት በክንፉ ሥር ካለው ጥቂት ቦታ በቀር የለም። በአንጻሩ የንዝረት፣ የአቧራና የእርጥበት ጉዳት፣ ማለትም የላላ ማያያዣና የዛገ መገጣጠሚያ፣ በማንኛውም ክንፍ ውስጥ ይከሰታል። ስለዚህ በፋይበር ግላስ ክንፍ ውስጥ 240-33 ይሻላል። የግራውንድ ቮልቴጅ ከፍ ቢልም እንኳ በዚህ ሴንሰር ላይ ስክሪኑ ካለው ያነሰ ነዳጅ ያሳያል እንጂ የበለጠ አያሳይም።

ይህን ያህል የማጠብቀው ለምን እንደሆነ በአንድ ስሌት ላሳያችሁ። ሮታክስ 912 በጉዞ ኃይል በሰዓት 18 ሊትር ገደማ ይፈጃል ብንል፣ ያያችሁት 8 ሊትር 27 ደቂቃ ገደማ ነው። በአሜሪካ የአየር ደንብ በቀን ለሚደረግ የእይታ በረራ (አብራሪው ውጭውን በዓይኑ እያየ ለሚበርበት) የሚፈለገው መጠባበቂያ ነዳጅ 30 ደቂቃ ነው። አብራሪው ለማረፍ ሲዘጋጅ፣ ማለትም ነዳጁ በሚያንስበት ሰዓት፣ መብራቱን ያበራል፤ በዚያው ቅጽበት መጠባበቂያው ከሞላ ጎደል በሙሉ በስክሪኑ ላይ ከምንም ተፈጥሮ ይታያል። ከዚህ የከፋ ጊዜ የሚመርጥ ብልሽት አላውቅም።

የመጀመሪያው ችግር ብልሽት አይደለም። ክንፎቻችሁ ወደ ጫፋቸው በእርግጥ ስንት ዲግሪ ከፍ ይላሉ?

ክንፍ_በአዳማ

ጋሼ፣ 3 ዲግሪ ናቸው።

ጡረተኛ_ቴክኒሺያን (ቢሾፍቱ)

እንግዲያው በ1.2 ሜትር ርዝመት ላይ የታንኩ ውጫዊ ጫፍ ከሥሩ በ6.3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ተንሳፋፊው በሥሩ በኩል ጣሪያውን ሲነካ በውጫዊው በኩል ገና 11 ሊትር ገደማ የሚይዝ ባዶ ቦታ አለ። ተንሳፋፊው ከዚያ በላይ የሚወጣበት ስለሌለ ከ28 ሊትር ገደማ በላይ ያለውን ሊያይ አይችልም። ይህ በብዙ አነስተኛ አውሮፕላኖች ላይ ያለ ነገር ነው። ሴንሰሩን ወደ ታንኩ መካከል በማዛወር ይሻሻላል፤ ነገር ግን የታችኛው ንባብ፣ ይበልጥ የምትፈልጉት፣ በዚያው ልክ ይበላሻል። ባለበት ተዉት፤ ስክሪኑ ላይ የመጨረሻውን ነጥብ «40» ብላችሁ አትጻፉ፤ «28 ወይም ከዚያ በላይ» መሆኑን በሰሌዳው ላይ ጻፉበት። ከ28 በላይ ያለውን በመለኪያ ዘንግ ብቻ እመኑ።

ሴንሰሩን ስትቀይሩ ሰንጠረዡን እንደገና መሙላት ስላለባችሁ የአሞላሉን ነገርም ልጨምር። አውሮፕላኗ በጅራት ጎማ የምትቆም ከሆነች ጅራቷን አንሥታችሁ በደረጃ በረራ (ሳትወጣና ሳትወርድ አግድም ስትበር) እንደምትሆነው አስተካክሉ፤ ጅራቷ መሬት ላይ ሳለ የተሞላ ሰንጠረዥ አየር ላይ አያገለግልም። ታንኩን ሙሉ በሙሉ አንጠፍጥፉት፤ ሞተሩ ሊደርስበት የማይችለውን የታች ነዳጅ መጀመሪያ ጨምሩና እዚያ ላይ ዜሮ በሉ። በአሜሪካ ለተመሰከረላቸው አነስተኛ አውሮፕላኖች ሲሠራበት የኖረው ደንብ ቁጥር 23.1337 የሚለው ይህንኑ ነው፦ አመልካቹ ዜሮ ማንበብ ያለበት በደረጃ በረራ ጥቅም ላይ የማይውለው ነዳጅ ብቻ ሲቀር ነው። ከዚህ ተነሥተው አመልካች ትክክል መሆን የሚገባው ባዶ ሲሆን ብቻ ነው የሚሉ አብራሪዎች አሉ። ያ የተሳሳተ ንባብ ነው፤ ደንቡ ዜሮ የት እንደሚሆን ነገረን እንጂ ሌላው ቦታ ይሳሳት አላለም።

ከዜሮ እስከ 12 ሊትር ድረስ በየ2 ሊትሩ፣ ከዚያ በላይ በየ4 ሊትሩ መዝግቡ። ታንኩ በታች በኩል ሾጣጣ ስለሆነ ጥቂት ሊትር ተንሳፋፊውን ብዙ ያነሣዋል፤ በዚያ ክፍል ነጥቦቹ ከተራራቁ ስክሪኑ በመካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር ስቦ ያሳስታችኋል።

ሐዋሳ_ሐይቅ_ዳር

በዚህ ላይ ከእጅ ሥራ የተገኘ ጥቂት ልጨምር። አዲሱን ሴንሰር ከመግጠማችሁ በፊት ከታንኩ ውጭ ክንዱን በጣም በዝግታ ከታች ወደ ላይ እያነሣችሁ ለኩት፤ ከተቻለ ዲጂታሉን ትታችሁ መርፌ ባለው የድሮ መለኪያ ተጠቀሙ፤ ለቅጽበት የሚጠፋውን ንክኪ ዲጂታሉ ሊያልፈው ይችላል፤ መርፌው ግን ሲንቀጠቀጥ ይታያል። አሮጌውንም በዚሁ መንገድ ብትለኩት «ሙሉ» የሚለው ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። የቆሸሸ ከሆነ ጠርጎ መመለስ ይቻላል ብለው የሚሞግቱ አሉ፤ እኔ በጀልባ ላይ እንኳ አላደርገውም።

ተንሳፋፊውን በጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት። የነሐስ ከሆነና ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማ ብየዳው ቀዳዳ አለው፤ እየሰመጠ ይሄዳል። የስፖንጅ ዓይነት ፕላስቲክ ከሆነ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ውስጥ ለጥቂት ቀን አስቀምጡትና መጠኑ አለመለወጡን እዩ። ጓርኒሲዮኑ ቤንዚን የሚችል ጎማ መሆን አለበት፤ ተራ ጎማ ያብጥና ይፈርሳል። ክንዱ በሙሉ እርምጃው የታንኩን መከፋፈያ ግድግዳ አለመንካቱንም በቀዳዳው በኩል በእጅ አረጋግጡ።

ተማሪ_መካኒካል (አዳማ)

ጋሼ፣ ስለ ግራውንዱ ማብራሪያ አመሰግናለሁ፤ በቤተ ሙከራ የተማርነውን ባለ አራት ሽቦ ልኬት (ጅረቱ በሁለት ሽቦ ሲያልፍ ቮልቴጁ በሌሎች ሁለት የሚለካበትን) አሁን ነው ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ነዳጁ የሚቀዳው ከማደያ ከሆነ የማደያው ቆጣሪ ለሰንጠረዡ በቂ ነው?

ጡረተኛ_ቴክኒሺያን (ቢሾፍቱ)

ልጄ፣ በሚዛን ማረጋገጥ ይሻላል። ቤንዚን በሊትር 0.74 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ነዳጁ ብቻ 14.8 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ትክክለኛውን የዕለቱን ክብደት ለማወቅ 1 ሊትር በተመሰከረ የቤተ ሙከራ መስፈሪያ ለክታችሁ መዝኑ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉንም በኪሎ ሥሩ።

የፕላስቲክ ጀሪካን አትጠቀሙ። የአዳማ ደረቅ ነፋስና የፋይበር ግላስ ታንክ ሲገናኙ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ይጠራቀማል። የብረት ዕቃ ይሁን፤ ዕቃውን፣ የመቅጃውን የብረት ጫፍና የአውሮፕላኗን አካል ከመቅዳታችሁ በፊት በሽቦ አገናኙ። ሥራውን ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣ አድርጉት፤ ክንፉ በነፋስ ሲወዛወዝ ነዳጁ ስለማይረጋ ንባቡም አይረጋም።

ክንፍ_በአዳማ

ውድ ወገኖች፣ የነገራችሁንን አድርገን ውጤቱን ይዤ ተመልሻለሁ።

በሴንሰሩ ክዳንና በስክሪኑ ግራውንድ መካከል፣ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ምንም የለም፤ መብራቱ ሲበራ 275 ሚሊቮልት አነበብን። ጥቁሩን ጫፍ እያራመድን ስንከተለው ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚወድቀው በቡሎኑ ሮንዴላና በብረት ቱቦው መካከል ሆኖ ተገኘ። ቡሎኑን ስንፈታ የሽቦ_ሰው እንደገመተው ከሥሩ የቱቦው ቀለም ሳይነካ ነበር። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቀን፣ የመብራቱን ሽቦ በአዲስ ሮንዴላና ዳዶ አሰርነው፤ ላዩንም ከእርጥበት ለመከላከል ቅባት ቀባነው። የሁለቱንም ሴንሰሮች ግራውንድ ግን ከዚያ አውጥተን፣ ለእያንዳንዳቸው ከምልክት ሽቦው ጋር የተጠመዘዘ የራሳቸውን ሽቦ እስከ ስክሪኑ የግራውንድ መግቢያ ድረስ ዘረጋን። አሁን መብራቱ ሲበራ የሚታየው ከ1 ሚሊቮልት በታች ነው።

አሮጌውን የቀኝ ሴንሰር መርፌ ባለው መለኪያ ስንፈትሸው ከመካከሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ንክኪው የሚጠፋበት ቦታ አለ። በ15 ሊትር ዙሪያ መዝለሉ ከዚህ ጋር ይስማማል። ሁለቱንም በ240-33 ሴንሰር ለውጠናል።

ስለ ማስጠንቀቂያ ወሰን አንድ ጥያቄ ይቀረናል። ስክሪኑ ከተወሰነ ቮልቴጅ በታች ወይም በላይ ሲያነብ በሊትር ፈንታ «ሴንሰር ተበላሽቷል» እንዲል ማድረግ ይቻላል። ወሰኑን ምን ላይ እናድርገው?

ጡረተኛ_ቴክኒሺያን (ቢሾፍቱ)

መልካም ሥራ ነው። በእናንተ ስክሪን 33 ኦም 0.33 ቮልት፣ 240 ኦም ደግሞ 1.69 ቮልት ይሰጣል። የታችኛውን ወሰን 0.25፣ የላይኛውን 1.80 ቮልት ላይ አድርጉ። 0.25 ማለት 25 ኦም ገደማ ነው፤ የተላጠ ሽቦ ብረት ቢነካ ከዚያ በታች ስለሚወርድ «ሙሉ» ከማለት ይልቅ ብልሽት ይላል፤ የሽቦ_ሰው ያነሣው ሥጋት በዚህ ይዘጋል። 1.80 ማለት 260 ኦም ገደማ ነው፤ ሽቦ ቢበጠስ ያስታውቃል። ወሰኖቹን ካስገባችሁ በኋላ ሁለቱንም በተግባር ፈትኑ፤ ስክሪኑ በርቶ ሳለ ክንፉ ሥር ያለውን ማያያዣ አንድ ጊዜ ነቅላችሁ፣ አንድ ጊዜ የምልክቱን ጫፍ ከግራውንዱ ጫፍ ጋር አገናኝታችሁ እዩ። ታንኩ ክፍት ሆኖ ወይም አጠገቡ የቤንዚን ተን ኖሮ ግን ይህን አታድርጉ።

ሰንጠረዡን፣ የሚሊቮልት ልኬቱንና የወሰኖቹን ቁጥር ከቀኑ ጋር በአውሮፕላኗ የጥገና መዝገብ ላይ ጻፉ። መርማሪው ሲመጣ የሚጠይቃችሁ ይህንን ነው፤ ከዓመት በኋላ ቮልቱ ከፍ ካለም የምታወዳድሩበት ይኖራችኋል።

የሽቦ_ሰው (አዳማ)

ከእኔ የቀረ አንድ ነገር ብቻ ነው። አዲሶቹ ሽቦዎች ከክንፉ ወደ አካሉ በሚያልፉበት ቀዳዳ ላይ የጎማ መከላከያ ቀለበት አድርጉ፤ በዚያ ክንፍ ውስጥ ሽቦው ብረት ሊነካ የሚችለው እዚያው ብቻ ነው። ሴንሰሩ አጠገብም አንድ ስንዝር ያህል ትርፍ ሽቦ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ያለዚያ ሴንሰሩን ለማውጣት በተፈለገ ቁጥር ማያያዣው እየተጎተተ ይላላል።

ክንፍ_በአዳማ

ቀለበቱን አስገብተናል፤ ትርፉንም ትተናል። ሁለቱን የብልሽት ሙከራዎች ታንኮቹ ተዘግተውና ወርክሾፑ ተናፍሶ ሳለ አድርገናቸው ስክሪኑ በሁለቱም «ሴንሰር ተበላሽቷል» ብሏል። በቀኝ ታንክ 15 ሊትር ጨምረን፣ ሞተሩን አስነሥተን የማረፊያ መብራቱን፣ ሬዲዮውንና የነዳጅ ፓምፑን በየተራም በአንድነትም አበራን፤ ንባቡ 15 ላይ ቆመ።